አባቴ ብረቱ ላይ የተቀመጡ ዕለት

ሌላው ሰው ኮሌጅ የሚመርጠው በጭንቅላቱ ነው። እኔ ግን፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ በመቀመጫዬ ነው የመረጥሁት። መሳቅ የሚያምራችሁ ካላችሁ ሳቁ፤ የልጅ ልጆቼም እዚህ ላይ ይስቃሉ። እስከ መጨረሻው ስነግራቸው ግን ሳቁ ይቀራል።

ነገሩ የሆነው በሃምሳዎቹ ዓመታት መገባደጃ፣ በመስከረም ወር፣ ከዳንግላ ወደ እንጅባራ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለ አንድ ወንዝ ዳር ነው። እንጅባራን ያን ጊዜ ብዙዎቻችን ኮሶበር ነበር የምንላት። እኔ ታደለ የምባል፣ ከዳንግላ ወጣ ብሎ ባለ አጥቢያ የተወለድሁ፣ ደብረ ማርቆስ ተምሬ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስሁ፣ ኮቴ የሚሰፋኝ ቀጭን ጎረምሳ ነበርሁ። ፈተናውን አልፌአለሁ። በአጥቢያችን ከእኔ በፊት እዚያ የደረሰ ስላልነበረ በገበያ ቀን ሰው እየቆመ ያየኝ ነበር። እኔም አልጠላሁትም።

አዲስ አበባ ደርሼ መዝጋቢው ፊት ስቆም «ምን ትማራለህ?» መባሌ አይቀርም። መልሱ ቤታችን ውስጥ ካለቀለት ቆይቷል፤ ሕግ። የወሰኑት አባቴ ናቸው።

አባቴ ባላምባራስ እንየው የአገር ሽማግሌ ነበሩ። ደም የተቃባ ያስታርቃሉ፣ ድንበር የተገፋፋ ይለያሉ፣ ባልና ሚስት ያግባባሉ። እርሳቸው ሲያልፉ ተቀምጦ የሚቀር ሰው በአገሩ አልነበረም። ፈተናውን ማለፌን የሰሙ ዕለት አጠገባቸው አስቀምጠው እንዲህ አሉኝ፦

«ታዴ፣ የእኛ ገበሬ ሜዳ ላይ በአገውኛ ሲናገር አንበሳ ነው። ዳንግላ ፍርድ ቤት ሲገባ ግን አማርኛው ይጠፋበትና እንደ በግ ዝም ይላል። ዝም ባለ ላይ ደግሞ ይፈረዳል። አንተ ሁለቱንም ቋንቋ ታውቃለህ። ሕግ ተምረህ መጥተህ ቆመህ ትናገርለታለህ።»

ምን ይባላል? እውነት ነው። እኔም ከአንዴም ሁለቴ ጎረቤቶቻችን በገዛ መሬታቸው ተከሰው፣ የተጠየቁትን ሳይሰሙ «አዎ» እያሉ ተፈርዶባቸው ሲመለሱ አይቻለሁ። ችግሩ የእኔ ልብ ነበር። ደብረ ማርቆስ ያስተማረን ህንዳዊ የሂሳብ መምህር በመጨረሻው ቀን ትከሻዬን ይዞ «አንተ ምሕንድስና ኮሌጅ ነው የምትገባው፤ ሌላ ቦታ እንዳትሄድ» ብሎኛል። ከዚያ ወዲህ ቃሉ ሆዴ ውስጥ ገብቶ አላስተኛ አለኝ። ምሕንድስና ምን እንደሆነ ግን በቅጡ አላውቅም። አባቴ «እሱ ደግሞ ምንድን ነው?» ቢሉኝ የምመልሰው የለኝም። ሰው የማያውቀውን ነገር ይዞ ከአባቱ ጋር አይሟገትም። እናቴ በበኩሏ ባሕር ዳር አዲስ የቴክኒክ ትምህርት ቤት መከፈቱን ሰምታ «እሱ አይሻልም? ቅርብ ነው፤ ቶሎም ታልቃለህ» ትለኝ ነበር። ሁሉንም እሺ እያልሁ የመሄጃዬ ቀን ደረሰ።

የዚያን ዕለት ጠዋት አባቴ ሽምግልና ነበረባቸው። «ቅደም፤ ወንዙ ዳር መጥቼ መርቄ እሸኝሃለሁ» አሉኝና እኔ ከአጎቴ ልጅ ከይርጋ ጋር ወጣሁ። የእንጨት ሣጥኔን የተሸከመው ይርጋ ነው። በጉልበቱ የሚተማመን፣ በምላሱ ደግሞ ከጉልበቱ የባሰ ልጅ ነበር። «ዳኛ ስትሆን ይህን ሣጥን የተሸከምሁበትን እንዳትረሳ፤ ሰው ብመታ ትፈታኛለህ» እያለ መንገዱን ሁሉ ሲያስቀኝ ሄደ። እኔ ብስቅም ሐሳቤ ወንዙ ላይ ነበር። ወንዙን ከተሻገርሁ፣ ማዶ የሚጠብቀው አውቶቡስ ላይ ከወጣሁ፣ በቃ፤ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ምዝገባው ሊዘጋ ደግሞ ጥቂት ቀን ነው የቀረው።

ወንዙን ስናይ ሁለታችንም ቆምን።

የጣሊያን ጊዜውን ድልድይ የነሐሴ ጎርፍ እንደወሰደው ሰምተናል፤ በእግር የሚሻገሩት ግን መስሎን ነበር። መስማትና ማየት ለየቅል ናቸው። ግራና ቀኝ ያለው የድንጋይ ግንብ ብቻ ቀርቶ መካከሉ ባዶ ነው። ውኃው ቀይ ሆኖ፣ ግንድ ከነሥሩ እያገላበጠ ይወርዳል። ከላይ፣ ወንዙ በሚመጣበት በኩል፣ ሰማዩ ጠቁሯል። ማዶ ሰው ተኮልኩሏል፤ ወዲህም ተኮልኩሏል። ማዶ ያለው ወዲህ መምጣት ይፈልጋል፣ ወዲህ ያለው ማዶ መሄድ።

እኛ ባለንበት ዳር ግን ሌላ ነገር ነበር። ጎንና ጎኑ እንደ መሰላል ፍርግርግ የሆነ ብረት፣ አንዱ ከሌላው በወፍራም ችንካር እየተያያዘ፣ መንገዱ ላይ ተጋድሟል። አንዱን ፍርግርግ ብዙ ሰው ሆኖ «ያዝ! አንሣ!» እያለ ያመጣዋል፤ ይገጥመዋል፤ ችንካሩን በመዶሻ ይመታል፤ ተመልሶ ሌላውን ያመጣል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚሉት ይህን ነው። አንድ ካቦ በጣሊያንኛም በአማርኛም እየተሳደበ ያሠራቸዋል። ከሁሉ ፊት አንድ ጭቃ እስከ ጉልበቱ የወጣበት፣ የዝናብ ልብስ የለበሰ ወጣት ይንጎራደዳል። መሐንዲስ ሰይፉ ይባላል። አሁን ሳስበው ገና ልጅ ነበር፤ ስለዚህ እዚህ «አንተ» ብዬ ነው የማወራው፤ ያኔ ግን «ጌታው» ነበር የምለው።

«አንተ፣ ባለ ኮቱ!» አለኝ እንዳየኝ። «አማርኛ ትችላለህ?»

«ፈተና ያለፍሁት በምን መሰለዎ?» አልሁት። ጎረምሳ ነኝ አላልኋችሁም?

ሳቀ። «አገውኛስ?»

«እሱንማ ከእናቴ ጡት ጋር ነው የጠባሁት።»

«በል ና፣ አፍ ሁነኝ። እኒህ ሰዎች ሊረዱኝ መጥተዋል፤ የምለውን ግን ሁሉም አይሰማኝም። ይህን ብረት እዚሁ ገጣጥመን ስንጨርስ፣ በእነዚህ ተሽከርካሪ ብረቶች ላይ እየገፋን ወደ ወንዙ እናወጣዋለን። አፍንጫው ማዶ እስኪደርስ ከሥሩ ምንም አይይዘውም።»

«አየር ላይ?»

«አየር ላይ።»

«ጌታው፣» አልሁት፣ «ይህን ብነግራቸው ‹ያበደ ሰው አመጣህብን› ይሉኛል።»

«አንተስ ምን ትላለህ?»

«እኔም እላለሁ።»

አልተቆጣም። አንዱ ገበሬ የያዘውን ዱላ ለመነና በግራ ክንዱ ላይ አጋደመው። ዱላው ረዘም ያለው ወገኑ ወደ ወንዙ ወጥቷል፤ መውደቅ ነበረበት። መሐንዲሱ አጭሩን ጫፍ በቀኝ እጁ ተጫነው። ዱላው ቀጥ ብሎ ቆመ። ከዚያ እጁን አነሣ፤ ዱላው ጭቃው ላይ ተደፋ።

«ጭራው ከከበደ አፍንጫው አይወድቅም» አለ። «የቀረው ብረት የተጫነበት መኪና ከዳንግላ ወዲያ ጭቃ ይዞታል። ጭራዬ አጭር ሆነብኝ። ድንጋይ ጭኛለሁ፤ አልበቃም፤ የወንዙ ድንጋይ ሁሉ ውኃ ውስጥ ነው። የጎደለኝን ክብደት ሰው ይሙላልኝ። እኩሌቶቹ ይግፉ፣ እኩሌቶቹ ጭራው ላይ ይቀመጡ። ዛሬ ካልወጣ ውኃው ይህን ዳር እየበላው ነው፤ ነገ የምቆምበት መሬት አይኖረኝም።»

ለሰዉ ተረጎምሁ። ከዚያ አንዱ «ደቦ ነው በለና! ምን አስረዘምኸው?» አለኝና ሁሉም ጋቢውን ማደግደግ ጀመረ። መቀመጡን ደግሞ እንደ ቀልድ ወሰዱት። ተቀምጦ ሥራ ተብሎ በአገሩ ተሰምቶ አያውቅማ። ወፍራም ወፍራሙ እየተፈለገ ወደ ጭራው ተላከ። አንድ የዳንግላ ነጋዴ ቦርጩን ይዞ ሲመጣ ይርጋ «እርስዎስ ብቻዎን ይበቃሉ፤ ሌሎቻችን እንግፋ» አላቸው። እኔን ግን መሐንዲሱ ጭራው ላይ፣ ድምፄ ለሁሉም በሚሰማበት ቦታ አስቀመጠኝ። ይርጋም ሣጥኔን ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ፤ «ሣጥኑም ይመዝናል» ብሎ።

መግፋት ተጀመረ። አውጪው በአገውኛ የሥራ ዘፈን ያወጣል፣ ገፊው ይቀበላል፣ ብረቱ አንድ ክንድ ይሄዳል። ዳግመኛ ያወጣል፣ ይቀበላሉ፣ አንድ ክንድ። መሐንዲሱ ከጎን ከጎን እየሄደ፣ አንዴ አፍንጫውን አንዴ ጭራውን እያየ፣ እጁን ሲያነሣ ሁሉም ቀጥ ይላል፤ ሲያወርድ ይገፋል። አፍንጫው ከዳሩ ወጣ። ከሥሩ ግንብ ነበረ፤ ግንቡን አለፈ። ከሥሩ ውኃ ሆነ። አሁን ይወድቃል ብዬ ዓይኔን ጨፈንሁ። ስገልጥ እዚያው ነው። ዳግመኛ ገፉት፤ እዚያው ነው።

እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ? ያን ያህል ብረት፣ ሰው ተጋግዞ ከመሬት ለማንሣት የሚያቃስትበት ብረት፣ ወንዙ ላይ ባዶ አየር ተደግፎ ይሄዳል። ማዶ ያሉት ሰዎች ወደ ዳሩ ተጠግተዋል። አንዲት ሴትዮ አፏን በነጠላዋ ይዛ ቆማለች። እኔ ከኋላ፣ ብረቱ ላይ ተቀምጬ፣ ከብረቱ ጋር አብሬ እየሄድሁ ነው፤ ሲንቀጠቀጥ በአጥንቴ ይሰማኛል። ፈራሁ። ግን የሚያስለቅስ ዓይነት ፍርሃት ነው፤ ሰው ቤተ መቅደስ ሲገባ የሚፈራው ዓይነት። ከሁሉ የገረመኝ ብረቱ አይደለም። መሐንዲሱ ነው። እርሱ አልደነቀውም! ይህ እንደሚሆን ያውቅ ነበር። ገና አንድም ብረት ሳይገፋ አውቆታል።

አፍንጫው ከወንዙ እኩሌታ ሲያልፍ መሐንዲሱ እጁን አነሣና ወደ እኔ መጣ። ፊቱ ተለውጧል።

«ከዚህ በኋላ ያለው ነው ከባዱ። ንገራቸው፤ ማዶ እስኪደርስ ጭራው ላይ ያለ ሰው ምንም ቢሆን እንዳይነሣ። እባብ ቢመጣ እንኳን።»

ተረጎምሁ። «እባብ ቢመጣ እንኳን እንዳትነሡ ብሏል።»

«እሺ» አሉ ሁሉም።

እባብ ቢመጣ ኖሮ እውነትም ማንም አይነሣም ነበር። የመጣው ግን አባቴ ነው።

ከዳንግላ በኩል በፈረሳቸው ብቅ አሉ። የዚያ አገር ሰው ፈረስ መውደዱን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ የአባቴ ፈረስ ደግሞ ቀይ የክር ጉትዬ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ጭቃውን እየናቀ ነው የሚራመደው። አባቴ ነጭ ኩታ ለብሰዋል። መጀመሪያ ያየ ሰው «ኖር!» አለ። «ኖር! ኖር! ባላምባራስ ናቸው!» ተባለ። ጭራው ላይ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ብድግ አለ፤ ብድግ ብሎም አልቀረ፤ ወርዶ፣ ጋቢውን አስተካክሎ፣ ጎንበስ ብሎ ተሰለፈ። ነጋዴውም ወረደ። ይርጋም ሣጥኑን ይዞ ወረደ።

እኔም ወረድሁ! አዎ፣ እኔ፣ በአንደበቴ «አትነሡ» ብዬ የተረጎምሁት! አባት ቆሞ ልጅ አይቀመጥማ። ይህ በጭንቅላት የሚታሰብ ነገር አይደለም፤ እግር ራሱ ይነሣል።

ከኋላዬ ብረቱ አቃሰተ።

ዞር ስል ጭራው ከመሬት እየተነሣ ነው። እስከ ጉልበት ነበር፤ እስከ ወገብ ሆነ። ማዶ ያለው ሰው ጮኸ። አፍንጫው ወደ ወንዙ ዘነበለ፤ ጫፉ ውኃውን ነካና ጎርፉ ያዘው፤ ብረቱ ሁሉ ወደ ጎን ተንገዳገደ። መሐንዲሱና ካቦው ሮጠው መጥተው ጭራው ላይ ተንጠለጠሉ። እግራቸው መሬት አይነካም።

«ተቀመጡ!» ይላል መሐንዲሱ። «ኧረ ስለ ማርያም ተቀመጡ!»

ማንም አልተቀመጠም። ያልሰሙት መስሎኝ በአገውኛ ጮህሁ። ሰምተዋል። ሁሉም የሚያዩት አባቴን ነው። አንድ ሽማግሌ በንቀት ገላምጠውኝ «አባትህ ቆመው?» አሉኝ። ይርጋ እንኳን አንገቱን ደፋ። አባቴም ነገሩ አልገባቸውም፤ ፈረሳቸው በጩኸቱ ደንግጦ እርሱን ይይዛሉ።

ሮጥሁ። ልጓሙን ያዝሁ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አባቴን አዘዝኋቸው።

«አባባ፣ ይውረዱ! ብረቱ ላይ ይቀመጡ!»

«ምን አልኸኝ?»

«እርስዎ ካልተቀመጡ ማንም አይቀመጥም! ይወድቃል! እባክዎ ይቀመጡ!»

አዩኝ። እኔን፣ ከዚያ ብረቱን፣ ከዚያ ጭራው ላይ እንደ ሕፃን የተንጠለጠለውን መሐንዲስ አዩ። ከዚያ በኋላ ምንም አልጠየቁም። ከፈረሱ ወረዱ፤ በነጭ ኩታቸው በጭቃው ውስጥ መጡ። ብረቱ ከፍ ብሎባቸዋል። ተንበርክኬ ጉልበቴን እንደ እርካብ ሰጠኋቸው፤ ረገጡኝና ወጡ። ጭቃና ዘይት የተቀባው ብረት ጫፍ ላይ፣ በአገሩ ለእርሳቸው ምንጣፍ ያልተነጠፈበት ቀን የሌለ ሰው፣ ቁጭ አሉ።

«በእግዜር! በእግዜር!» አሉ እጃቸውን እያወናጨፉ። «ተቀመጡ እንጂ! ልጁ እየለመናችሁ ምን ትጠብቃላችሁ?»

ሰዉ እንደ ንብ ብረቱ ላይ ሰፈረ። አንዱ በአንዱ ላይ ወጣ። ጭራው ቀስ እያለ ወረደ፤ አፍንጫው ውኃ እያንጠባጠበ ከጎርፉ ወጣ፤ እንደገና ቀጥ አለ። መሐንዲሱ ጭቃው ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። ብዙ አልቆየም፤ ተነሣና ጎን ጎኑን፣ ችንካሩን፣ ተሽከርካሪዎቹን አንድ በአንድ መረመረ። ከዚያ እጁን አወረደ። አውጪው በተሰበረ ድምፅ ማውጣት ጀመረ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ረጅም ሰዓት እኔ ከአባቴ ጎን ተቀምጬ ነው ያሳለፍሁት። በየክንዱ ወደ ወንዙ እየቀረብን። ዝናቡ ጀመረ፤ ኩታቸው ራሰ፤ አልተንቀሳቀሱም። ዓይናቸው ከአፍንጫው አልተነቀለም።

«ታዴ» አሉኝ በኋላ፣ በዝግታ። «ከሥሩ ምን ይዞታል?»

«ምንም፣ አባባ።»

«እና እንዴት?»

«እኛ ነን የያዝነው። እዚህ ተቀምጠን።»

ገፊዎቹ ሁለት ጊዜ ገፉ።

«ይህ ልጅ ይህን ከዚህ በፊት እዚህ ወንዝ ላይ ሠርቶት ያውቃል?»

«አያውቅም። ወንዙንም ያየው በዚህ ሳምንት ነው።»

«ታዲያ ሳይገፋው በፊት ምን አሳወቀው?»

ዱላውን ነገርኋቸው። ርቀትና ክብደት እየተባዛ እንደሚመዛዘን፣ ደብረ ማርቆስ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ እንደሠራሁት ነገርኋቸው። ያ ቁጥር ይህ እንደሆነ፣ ያ ቁጥር አባቴን ተሸክሞ የሚሄድ ነገር እንደሆነ፣ እስከዚያች ቀን አላውቅም ነበራ!

«የት ነው ይህን የሚያስተምሩት?»

«አዲስ አበባ። ምሕንድስና ኮሌጅ።»

እንደገና ወደ አፍንጫው ተመለከቱ።

ማዶ ያሉት ሰዎች እጃቸውን ዘርግተው ነው የጠበቁት። አፍንጫው ማዶ ግንቡ ላይ ሲያርፍ አንዲት ትንሽ የብረት ድምፅ ተሰማች፤ ሌላ ምንም። ከዚያ ማዶ እልልታው ፈነዳ፤ ወዲህም ተቀበለው። እኔ አለቀስሁ። ይርጋ «ምን ያስለቅስሃል? አልወደቀ!» እያለ ራሱም ያለቅስ ነበር።

የመርገጫው ሳንቃ ሲነጠፍ፣ ሰዉ ሁሉ አባቴ ባርከው ቀድመው እንዲሻገሩ ጠበቀ። አባቴ መሐንዲሱን ጠሩት።

«ብትሳሳት ኖሮስ፣ ልጄ?»

«ተሳስቻለሁ እንጂ፣ አባባ» አላቸው። «ብረቱን አስልቻለሁ፣ ውኃውን አስልቻለሁ። የእርስዎን መምጣት ግን አላሰላሁም።»

አባቴ እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። ከዚያ ነገር እንደሚመረምር ሽማግሌ ጠየቁት፤ ትምህርቱ ስንት ዘመን እንደሚፈጅ፣ ባሕር ዳር ያለው ከዚህ በምን እንደሚለይ።

«የባሕር ዳሩ እጅ ያስተምራል፣ ጥሩ እጅ» አለ መሐንዲሱ። «ካቦዬ እንደዚያ ያለ ትምህርት ቤት የወጣ ነው፤ ያለ እሱ አንድ ቀን አልሠራም። የአዲስ አበባው አምስት ዓመት ነው። መጀመሪያ ላይ ብረት የሚባል ነገር አያስነኩም፤ ሂሳብ ነው፣ ፊዚክስ ነው። ብዙ ልጅ ተሰላችቶ ይወጣል። የሚያስተምሩት ከመግፋት በፊት ማወቅን ነው። ልጁ የትኛው እንደሚያምረው እሱን ይጠይቁት።»

አባቴ አልጠየቁኝም። «በል አንተ ቅደም» አሉት መሐንዲሱን። እርሱ እምቢ አለ፤ «እርስዎ እያሉ!» አለ። «ዛሬ ታላቁ አንተ ነህ» ብለው ትከሻውን ገፋ አደረጉት። መሐንዲሱ ቀደመ፣ አባቴ ተከተሉ፣ እኔ ከአባቴ ኋላ። ከሥራችን ጎርፉ እየጮኸ እናልፋለን፤ አባቴ መካከሉ ላይ ሲደርሱ ቆም ብለው ወደ ታች አዩና አማተቡ።

ማዶ አውቶቡሱ ሞተሩን አስነሥቷል። ሣጥኔ ጣሪያው ላይ ወጣ። ጉልበታቸውን ስሜ ቀና ስል እጄን ያዙኝ።

«ሽምግልና ስቀመጥ ዕድሜዬን ፈጀሁ» አሉኝ። «እግዜር ይመስገን፣ አድልቼ አላውቅም። ግን ፈርጄ ስነሣ አንደኛው ወገን ሁልጊዜ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚሄደው። ዛሬ ጠዋትም አንዱ አልቅሶ ነው የሄደ። አሁን ግን ወዲያ ስሰማ እልል፣ ወዲህ ስሰማ እልል። በሁለቱም ዳር እልል የሚባልበት ሥራ መኖሩን አላውቅም ነበር። ሂድ፣ እሱን ተማር።»

«ፍርድ ቤቱስ፣ አባባ? ማን ይቆምላቸዋል?»

«እሱን ለእኔ ተወው።»

አዲስ አበባ ገብቼ መዝጋቢው «ምን ትማራለህ?» ሲለኝ «ምሕንድስና» አልሁት። አምስቱ ዓመት እንደተባለው ነበር። እውነት ለመናገር፣ ሁለተኛው ዓመት ላይ እኔም ተሰላችቼ ሣጥኔን ልሸከም ነበር። ቀረሁ፤ ተመረቅሁ። በየአገሩ ዞሬ ድልድይ ሠራሁ፤ አሁን ጡረተኛ ነኝ።

«እሱን ለእኔ ተወው» ያሉትን ነገር ግን ለማጽናኛ ያሉት ይመስለኝ ነበር። አልነበረም። እስከሞቱ ድረስ፣ ችሎት በተባለ ቀን ሁሉ፣ ዳንግላ ፍርድ ቤት ይሄዱ ነበር። አማርኛቸው ከሌላው ገበሬ ይሻል እንጂ እርሳቸውንም ይተናነቃቸው ነበር። ፈረስ መውጣት ሲያቅታቸው በጋሪ ይሄዱ ነበር አሉ። ወጣት ዳኞች ፊት ቆመው፣ አንዳንዴ እየተሳቀባቸው፣ ለማያውቁት ሰው ያስተረጉሙ ነበር። ይህን ከሞቱ በኋላ የነገረኝ ይርጋ ነው፤ እርሳቸው አንድም ቀን አላነሡብኝም። በየክረምቱ ስመጣ የሚጠይቁኝ «የት የት አሻገርህ?» ብለው ብቻ ነው።

እናንተ ዛሬ ኮሌጅ ልትመርጡ የተቀመጣችሁ ልጆች፣ ምርጫው የእኔ ነው ትላላችሁ፤ ልክ ናችሁ። ደስ ያላችሁን ምረጡ። ያስደነቃችሁን፣ ሆዳችሁ ገብቶ አላስተኛ ያላችሁን ምረጡ። ማዶ ስትደርሱ ግን አንዴ ዞር በሉና እዩ፤ እናንተ እንድትሻገሩ ወዲህ ዳር ዝናብ እየመታው የተቀመጠ ሰው አለ። እኔ ዞር ብዬ ያየሁት እርሳቸው ከሞቱ በኋላ ነው።